ኮምፓስ አጠቃቀም፦ ለመንገድም ለቂብላም



ለመስክ ትምህርትም ሆነ ለጉብኝት ከከተማ ስንወጣ አቅጣጫን ለስልካችን ትተናል። በባሌ ተራሮች፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሰነቴ አምባ ላይ ጉም ሲወርድ ግን ፀሐይም ተራራም አይታይም፤ ብርዱም ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። እዚያ መንገድ የሳተ ሰው ለሕይወቱ ያሰጋዋል። የሰላት ወቅትም ጉሙ እስኪገፍ አይጠብቅም። ስለዚህ ትንሿን ኮምፓስ እንወቃት።

አጠቃቀሙ፦

1. የኮምፓሱን ጠርዝ ካርታው ላይ ካላችሁበት ወደምትሄዱበት አስተካክላችሁ አስቀምጡ፤ የጉዞ ቀስቱ ወደ መድረሻው ያመልክት።
2. በውስጡ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን መስመሮች ጋር እስኪገጥሙ ክቡን አዙሩ። ቀስቱ ፊት ያለው ቁጥር አቅጣጫችሁ ነው።
3. ኮምፓሱን ደረታችሁ አጠገብ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙ። የመርፌው ቀይ ጫፍ የክቡ ሰሜን ላይ እስኪያርፍ በመላ ሰውነታችሁ ዙሩ።
4. ቀስቱ በሚያሳየው በኩል አንድ ድንጋይ ወይም ዛፍ ምረጡ፤ እዚያ ስትደርሱ ሌላ ምረጡ። መርፌውን እያዩ አትራመዱ።

ለመመለስ 180 ዲግሪ መደመር ወይም መቀነስ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ስልክ፣ ቢላዋና መኪና መርፌውን ያስታሉ፤ ብረት ያለበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ መርፌው የሚያሳየው ማግኔታዊውን ሰሜን ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ ከትክክለኛው ሰሜን 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ከካርታው ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ሦስተኛ፣ ትንሽ ስህተት አትናቁ፤ 5 ዲግሪ የሳተ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከመድረሻው 870 ሜትር ያህል ይርቃል።

ቂብላን በተመለከተ የየመኑ ሱልጣን አል-አሽረፍ ገና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኮምፓስ ለቂብላ እንዴት እንደሚያገለግል ጽፈዋል። እኛ ዘንድ "ቂብላ ወደ ሰሜን ነው" ይባላል፤ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ከትክክለኛው ሰሜን ተነስተን ስንለካ ከአዲስ አበባ 5 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ፣ ከጅማ ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፣ ከድሬዳዋ ደግሞ 9 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰነቴ ቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል።

ቂብላን ለማወቅ መጣር የሰጋጁ ድርሻ ነው። ከመውጣታችን በፊት የምንሄድበትን ቦታ ቁጥር በወረቀት እንያዝ፤ እዚሁ ግቢ ውስጥም ከዶርም እስከ ላይብረሪ እንለማመድ። ጀመዓው ሲጓዝ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚችል ይኑር።

አላህ ጉዟችንን ያቅናልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።