በተሳሳተ መድኃኒት ለተጎዳ ሰው ሕጉ ምን ይላል?

ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ይህንኑ ጽፎ ሳለ መድኃኒት ቤቱ ከረጢቱ ላይ «በቀን 1 ጊዜ» ብሎ ቢሰጥ፣ ታካሚዋ የተጻፈላትን አምና በየቀኑ ትውጣለች። ብዙም ሳይቆይ አፏ ይቆስላል፣ ነጭ የደም ሴሎቿ ይመናመናሉ፣ ትኩሳት ይይዛትና ድንገተኛ ክፍል ትገባለች። ቤተሰብም ብዙ ጊዜ «ፈጣሪ ያመጣው ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራ እንዲከፍል ያስገድዳል። አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል። ስለዚህ በችሎት ዋናው ጥያቄ «ታካሚው ተጎድቷል ወይ?» የሚል ብቻ አይሆንም፤ «የሙያው ደንብ ተጥሷል ወይ? ጉዳቱስ የመጣው ከዚያ ነው ወይ?» የሚል ጭምር ነው። በትክክል የታዘዘና በትክክል የተሰጠ መድኃኒትም የጎንዮሽ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ይህ ብቻውን ጥፋት አይባልም። ካርዱ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ለተጻፈለት ሰው አሞክሳሲሊን ማዘዝ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ማንን ልክሰስ? ጥፋቱ የግል ሆስፒታል ሐኪም ወይም ነርስ ከሆነ፣ በአንቀጽ 2651 መሠረት ሆስፒታሉ ራሱ በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። መድኃኒት ቤትም ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት በአንቀጽ 2130 ይጠየቃል። የመንግሥት ጤና ተቋም ሲሆን መነሻው አንቀጽ 2126 ነው። ስሕተቱ ከሐኪሙ ይሁን ከፋርማሲስቱ ካልታወቀ ሁለቱንም በአንድ ክስ ማካተት ይሻላል፤ አንዱ በሌላው ሲያሳብብ ከሳሹ ባዶ እጁን እንዳይቀር።

የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው። ብዙ እውነተኛ ጉዳዮች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ማዘዣው መድኃኒቱ ሲሰጥ መድኃኒት ቤቱ ጋር ስለሚቀር፣ ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ቤት ውስጥ የቀረውን እንክብል፣ ማሸጊያውን፣ የእጅ ጽሑፉ ያለበትን ከረጢትና ደረሰኙን እንዳትጥሉ። «ይሄ መርዝ ከቤቴ ይውጣልኝ» ብላ እናት የምትጥለው ከረጢት የክሱ ዋና ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስምና መጠን ካርዱ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። የመጀመሪያው ተቋም ካርዱን አላሳይም ካለ፣ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥላችሁ ማመልከት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርቁ ነው። ጉዳቱ እንደተሰማ ሽማግሌ ይላካል፣ የሕክምና ወጪ ይከፈላል፣ ከዚያ አንድ ወረቀት ይቀርባል፦ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል። መታረቅ መልካም ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን በአንቀጽ 3312 መሠረት የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ኩላሊቱ ይድን አይድን ገና ያልታወቀ ሰው ለሁለት ሳምንት የአልጋ ክፍያ ብሎ ከፈረመ፣ የዕድሜ ልክ ጉዳቱን አብሮ ሸጧል። ለሕግ ባለሙያ ሳታሳዩ አትፈርሙ።

ካሣው የወጣውን ወጪና የቀረውን ገቢ ብቻ ሳይሆን፣ በአንቀጽ 2092 መሠረት ወደፊት መድረሱ የማይቀረውን ጉዳትም ያካትታል። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይህ ገደብ በ1952 ዓ.ም. ምንም ቢመስል፣ ዛሬ ልጁን ላጣ ወላጅ 1000 ብር መቁረጥ ፍትሕ አይደለም፤ ሕግ አውጪው ሊያሻሽለው ይገባል።

የወንጀሉ መንገድ የተለየ ነው። በሙያው የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ካስከተለ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይደነግጋል። በወንጀል ነጻ ቢወጣም የካሣ ክሱ አይዘጋም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የካሣውን ክስ የሚያየው ዳኛ በዚያ ውሳኔ እንደማይገደድ ይናገራል።

ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ማቅረብም ይጠቅማል፤ የሙያ አስተያየቱ በችሎት ክብደት አለው። ሆኖም አቤቱታ ክስ አይደለም። በአንቀጽ 2143 የካሣ ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ካለው ብቻ በዚያኛው ይታያል። የኮሚቴውን ደብዳቤ ሲጠብቅ ጊዜው ያለፈበት ሰው በይርጋ መቃወሚያ ይሸነፋል። የዳኝነት መክፈያ ለሌለው በደሃ ደንብ መክሰስ ተፈቅዷል፤ በዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ማመልከቻ ይጽፋሉ። ጉዳት ደርሶባችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ዛሬውኑ ቁጠሩ፤ 2 ዓመቱ ካልሞላ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ጠበቃ አማክሩ።