ያረጀ ጎማ እግር ሲጠብቅ

መኪና ሲያረጅ ሁሉም ነገሩ እኩል አያረጅም። ጎማው ተልጦ ለመንገድ አይሆንም ቢባልም ላስቲኩ ገና ጠንካራ ነው። ሞተሩ ቢደክም ብረቱ ያው ብረት ነው። ባለ መኪናው «በቃ፣ አለቀለት» ያለው ዕቃ ለባለ እጁ የሥራ መጀመሪያ ይሆናል። በዚህ ትምህርት በኮልፌና በጎረቤቷ በመርካቶ ያረጀ የመኪና ዕቃ እንዴት እንደገና ለሥራ እንደሚውል እንመለከታለን። የትኛው እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚጎዳም እንለያለን።

1. ዕቃው ከየት ይመጣል?

«ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩትን ሰዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ጎማ ከየቤቱ ይገዛሉ። ከሚሰበስቡት ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ እንዲሁ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካላማዳሪው ተሰንጥቆ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። ኩሽኔታው የእጅ ጋሪ ያሽከረክራል። ባሌስትራው በከሰል እሳት ግሎ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ቢላዋ ወይም መጥረቢያ ይወጣዋል።

ቀጥቃጩ ባሌስትራን የሚመርጠው እንዲያው በልማድ ብቻ አይደለም። ባሌስትራ የሚሠራው ካርቦን በዛ ካለበት ብረት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ስለቱም ቶሎ አይዶለዱምም። ተራውን ብረት የፈለግነውን ያህል ብናግለውና ብንነክረው እንደዚያ አይጠነክርም።

2. ጎማ ለምን ይቆረጣል እንጂ አይቀልጥም?

ከጎማ ዛፍ የሚገኘው ላስቲክ ብቻውን ሲሆን በሙቀት ይጣበቃል፣ በብርድ ይደርቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ላስቲክን ከድኝ ጋር ቢያሞቁት ይህ ጠባዩ እንደሚለወጥ አገኘ። ድኙ የላስቲኩን ረቂቅ ክሮች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ስለዚህ የመኪና ጎማ እንደ ሰም ቀልጦ በሌላ ቅርጽ አይፈስም። ብናነደው ይጨሳል እንጂ አይታዘዝም። ባለ እጁ በስለት የሚቆርጠው ለዚህ ነው።

3. በረባሶ

ከጎማ የሚሠራውን ጫማ በረባሶ እንለዋለን። አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የእግሩ ልክ በጎማው ላይ ይሰመራል። ቀጥሎ በሰላ ቢላዋ ይቆረጣል፤ ቢላዋው ውሃ ቢነካ ላስቲኩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። ከዚያ በጠርዙ ላይ ቀዳዳ ይወጣና ከጎማ ወይም ከካላማዳሪ የተቆረጠ ማሰሪያ ይገባበታል። ሽቦ የበዛበት ጎማ ለመቁረጥ ያስቸግራል። የሽቦው ጫፍም እግር ስለሚወጋ ተነቅሎ መውጣት አለበት።

ይህ የድሮ ሙያ ከሰፈር አልፎ ውጭ አገር የደረሰበት ጊዜ አለ። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት እዚያው ሰፈር አቋቋመች። ሶሉ ካረጀ የመኪና ጎማ፣ ላዩ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ይሠራ ነበር። ጫማው ባሕር ተሻግሮ በብዙ አገሮች ተሸጠ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው የፈትልና የሽመና ሙያም እንጀራ ሆነ።

4. ጫማ ጌጥ ብቻ አይደለም

በዘነበወርቅ የጫማን ነገር እንደ ቀላል የሚያይ የለም። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ይህ በሽታ ነርቭን ይጎዳል። ነርቩ ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢወጋው አይሰማውም፤ ሰውየው ቁስሉን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። ቁስሉ አጥንት ከደረሰ እግር እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ለእንዲህ ያለ እግር ጫማ ሲሠራ ውስጡ ለስላሳ፣ ሥሩ ደግሞ እሾህና ጠጠር የማያሳልፍ መሆን አለበት። ለሥሩ የመኪና ጎማ ይስማማል። ግን ሚስማር አይመታበትም፤ ይሰፋል ወይም በማስቲሽ ይጣበቃል። አንዲት ሚስማር የሠራተኛውን ድካም ሁሉ ወደ ጉዳት ትለውጠዋለችና።

በደጋ፣ ቀይ አፈር ባለበት አገር በባዶ እግር መሄድም ዝሆኔ ያመጣል። ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። እንግዲህ ከወደቀ ጎማ የተሠራ ጫማ የሰውን እግር ያድናል ማለት ነው።

5. የማይነካው የቱ ነው?

ሁሉም ያረጀ ዕቃ ግን ለቤት አይሆንም።

ሀ) አሮጌ ባትሪ በቤትና በግቢ አይከፈት። ውስጡ አሲድና እርሳስ የሚባለው ብረት አለ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ለ) ጎማ ለማገዶ አይነድ። ጭሱ መርዝ ነው።

ሐ) የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ አይተንፈስ። በድሮዎቹ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ አለ።

መ) ከመኪና ስብርባሪ ቀልጦ የተሠራ ድስት ያሳስባል። ካሜሩን ውስጥ ከአሮጌ አሉሚኒየም የተሠሩ ድስቶች ሲመረመሩ ወደ ምግብ እርሳስ ሲለቁ ተገኝተዋል። ስለዚህ ከመኪና የወጣ ብረት ቢላዋና መጥረቢያ ይሁን፤ ወጥ መሥሪያ አናድርገው።

ባለ እጅ ማለት ከወደቀ ነገር ጥቅም የሚያወጣ ብቻ አይደለም። የሚጎዳውን ለይቶ «ይሄስ አይሆንም» የሚልም ነው። ዕቃውን ከማንሳታችን በፊት ከምን እንደተሠራ እንጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመኪና ጎማ እንደ ሰም የማይቀልጠው ለምንድን ነው?
2. ለደነዘዘ እግር በሚሠራ ጫማ ላይ ሚስማር የማይመታው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካረጀ የመኪና ዕቃ የተሠራ ምን አለ? ከምን እንደተሠራ ጠይቃችሁ ጻፉ።
4. ጎረቤታችሁ አሮጌ ባትሪ በግቢው ሲከፍት ብታዩ ምን ትሉታላችሁ?