ልክ የሚባለው ነገር በየአገሩ ይለያያል ወይ?

ዘንድሮ በነርሲንግ ሥነ ምግባር ትምህርት ክፍላችንን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ አለ። ልክና ስሕተት የሚባለው በየባህሉ ይለያያል ወይስ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው? የመጀመሪያው አቋም አንጻራዊነት ይባላል። ሁለተኛው ሁለንተናዊ እውነት አለ ይላል። በሁለት ባህል መሀል ላደግን ልጆች ጥያቄው ቤታችን ድረስ ይመጣል።

ክርክሩ የቆየ ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ስለ ፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ያወራው ታሪክ አለ። ንጉሡ ሬሳ የሚያቃጥሉትን ግሪኮች ጠርቶ «የአባቶቻችሁን ሬሳ ለመብላት ስንት ይከፈላችሁ?» ቢላቸው «በምንም ዋጋ አናደርገውም» አሉ። ከዚያ የወላጆቻቸውን ሬሳ የሚበሉትን ካላቲያውያን «ለማቃጠልስ?» ቢላቸው በድንጋጤ ጮኹ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ነው» ይላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል፤ ሁለቱም ወገኖች አባታቸውን እያከበሩ ነው።

ወደ ሙያዬ ልምጣ። እንደተማርነው ከሆነ ታካሚ ሕመሙን የማወቅ መብት አለው። በብዙዎቻችን ቤት ግን ክፉ ወሬ በቀጥታ ለታማሚው አይነገርም። መጀመሪያ ቤተሰብ ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገራል። መርዶም እንደዚሁ ነው፤ ዘመድ ተሰባስቦ በማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ ያረዳል እንጂ ስልክ አይደውልም።

አንጻራዊው «የአሜሪካ ባህል ይነገር ይላል፣ የኢትዮጵያ አይነገር ይላል፣ ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው» ብሎ ይገላገላል። የትኛው የአሜሪካ ባህል? በፈረንጆቹ 1961 በቺካጎ 219 ሐኪሞች ተጠይቀው 90 በመቶ ያህሉ ካንሰር መሆኑን ለታካሚው አለመናገርን እንደሚመርጡ ገለጹ። በ1979 በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 97 በመቶው መናገርን መረጡ። 18 ዓመት ብቻ! ባህል ስለሆነ ብቻ ልክ ከሆነ፣ የ1961ዎቹም ልክ ነበሩ ማለት ነው። «ተለወጥን» ማለት ይቻላል፣ «ተሻሻልን» ማለት ግን አይቻልም።

ከአገር ቤት ደግሞ ዶ/ር ቦጋለች ገብሬን አስቡ። ከምባታ ተወልደው፣ ራሳቸው ግርዛት ደርሶባቸው፣ ውጭ ተምረው ተመለሱና ሽማግሌውንም፣ የሃይማኖት አባቱንም፣ ሴቶቹንም አንድ ላይ አስቀምጠው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት አወያዩ። ብዙኃኑ ልማዱን በሚደግፍበት ሰዓት፣ በአንጻራዊነት ሚዛን ስሕተተኛዋ እሳቸው ነበሩ። ይህን ለመቀበል እኔ በጣም ይከብደኛል።

ሆኖም አንጻራዊነትን በንቀት ማለፍም ልክ አይመስለኝም። በ1947 የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር፣ ሊጻፍ የታሰበው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ የምዕራባውያንን እሴት ብቻ እንዳይሆን አስጠንቅቆ ነበር። ቅኝ ግዛት ባላበቃበት ዘመን ስጋቱ ባዶ አልነበረም። (ኢትዮጵያ በ1948 መግለጫውን ደግፈው ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ናት።) ዛሬም «ሁለንተናዊ» ተብሎ የሚቀርብልን አንዳንዱ ነገር የአንድ ሰፈር ልማድ ነው። ሐኪም ቆሞ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ብቻዋን ላለች አሮጊት «ካንሰር ነው» ማለቱ መብት ማክበር ነው ቢባል አልስማማም።

እኔ የምይዘው ይህን ነው፦ ታካሚው በገዛ ሕይወቱ ላይ ቃል እንዳለው ለሁሉም አገር እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን የባህል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ምርመራው ሳይጀመር «ውጤቱ ሲመጣ ለማን እንንገር?» ተብሎ ይጠየቅ። እትዬ «ለልጄ ንገሯት፣ እኔ ጸሎቴን ላድርስ» ካሉ መብታቸውን ተጠቀሙበት እንጂ አልተነጠቁም።

የሚያስቸግረው ልጅየዋ ራሷ አስተርጓሚ ስትሆን ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ሐኪሙ የጠየቀውን ሳይሆን እናቷ ብትሰማው የሚሻለውን ብትተረጉም ማን ይፈርድባታል? ለዚህ ነው ያቺ ጥያቄ በባለሙያ አስተርጓሚ፣ ቤተሰብ ለአምስት ደቂቃ ወጣ ብሎ እንድትጠየቅ የምፈልገው።