የናዛሬን የሞገድ ትንበያ ማንበብ፦ ሁለት ባለ አራት ሜትር ቀኖች

ለፊዚክስ ተማሪዎች ስለ ሞገድ ስናስተምር የምናነሣቸው ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ የተወጠረ ገመድ፣ የክራር ጅማትና የብርሃን ጨረር ናቸው። የሞገድ ሁሉ ተምሳሌት የሆነው ባሕር ግን ከአብዛኞቻችን ዓይን የራቀ በመሆኑ በትምህርታችን ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። በባሕር ዳርቻ አገሮች የሞገድ ትንበያ እንደ ዝናብ ትንበያ በየዕለቱ ይወጣል። ዓሣ አጥማጁ፣ የመርከብ አዛዡ፣ የነፍስ አድን ሠራተኛውና ሰርፊንግ በተባለው ስፖርት በጣውላ ላይ ቆሞ ሞገድ የሚጋልበው ሰው ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ይህንኑ ትንበያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ትንበያ እንዴት እንደሚነበብና ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ያለው ፊዚክስ ምን እንደ ሆነ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው በፖርቱጋል ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሊዝበን በስተሰሜን የምትገኘውን ናዛሬ የተባለች ከተማ ነው። ስሟ የአዳማን የቀድሞ ስም ናዝሬትን ያስታውሰናል፤ ሁለቱም ከአንዲቱ የገሊላ ከተማ የተወረሱ ናቸውና። ናዛሬ በዓለም የታወቀችው እስከ ዛሬ ከተጋለቡት ሁሉ እጅግ ግዙፍ የሆኑት ሞገዶች የሚነሡባት በመሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካዊው ጋሬት ማክናማራ 23.8 ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጀርመናዊው ሴባስቲያን ሽቶይትነር 26.21 ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ የጋለቡት በዚያ ነው።

የሚከተሉትን ሁለት ቀኖች እንደ ማስተማሪያ ምሳሌ እንውሰድ።

ቀን ሀ፦ የሞገድ ከፍታ 4 ሜትር፤ የሞገድ ጊዜ 8 ሰከንድ፤ የሞገድ አቅጣጫ ከሰሜን ምዕራብ፤ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር።

ቀን ለ፦ የሞገድ ከፍታ 4 ሜትር፤ የሞገድ ጊዜ 18 ሰከንድ፤ የሞገድ አቅጣጫ ከሰሜን ምዕራብ፤ ነፋስ ከምሥራቅ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር።

ከፍታውን ብቻ የሚመለከት ሰው ሁለቱ ቀኖች አንድ ናቸው ይላል። ነፋሱን አይቶም «ቀን ለ የተረጋጋ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። በናዛሬ ዳርቻ ለቆመ ሰው ግን እጅግ አስፈሪው ቀን ለ ነው። ለምን?

ሞገድ እንዴት ይወለዳል?

የባሕር ሞገድ አባቱ ነፋስ ነው። የሞገዱን ታላቅነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ የነፈሰበት ጊዜ እና ነፋሱ በውኃው ላይ የተጓዘው ርቀት። ጣና ሐይቅ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ነፋሱ ምንም ቢበረታ በቂ ሜዳ አያገኝም፤ ስለዚህም የጣና ሞገዶች በየጥቂት ሰከንዱ የሚከታተሉ አጫጭር ሞገዶች ናቸው። በሰሜን አትላንቲክ ግን በክረምት ወራት አንድ ታላቅ ማዕበል ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የውኃ ሜዳ ላይ ለቀናት ሊነፍስ ይችላል። የናዛሬ ታላላቅ ሞገዶች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱ እየነፈሰ ባለበት ቦታ ባሕሩ የተዘበራረቀ ነው፤ ረጅሙም አጭሩም ሞገድ ይደባለቃል። ሞገዶቹ ከማዕበሉ ክልል ወጥተው በራሳቸው መጓዝ ሲጀምሩ ግን ሥርዓት ይይዛሉ። የባሕር ሰዎች ስዌል የሚሉትን እንዲህ ያለውን ሞገድ እኛ በዚህ ጽሑፍ «መንገደኛ ሞገድ» እንለዋለን። የቀን ሀ ሞገድ እዚያው አካባቢ ያለው ነፋስ የወለደው ነው፤ የቀን ለ ሞገድ ግን ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነው። በሚጓዝበት ጊዜ ውኃው ራሱ አብሮት አይሄድም፤ እያንዳንዱ የውኃ ቅንጣት ባለበት አካባቢ ክብ እየሠራ ይመለሳል። የሚጓዘው ጉልበቱ ነው።

የሞገድ ጊዜ፦ የትንበያው ዋና ቁጥር

በአንድ ቦታ ቆመን ስንመለከት አንድ የሞገድ አናት ካለፈ በኋላ ቀጣዩ አናት እስኪደርስ ያለው ጊዜ የሞገድ ጊዜ ይባላል። በጥልቅ ውኃ ውስጥ ይህ አንድ ቁጥር ስለ ሞገዱ ብዙ ነገር ይነግረናል።

የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማግኘት የሞገዱን ጊዜ በራሱ አባዝተን ውጤቱን በ1.56 እናባዛለን። 1.56 የተገኘው የስበት ፍጥንጥነትን፣ ማለትም 9.8ን፣ ለሁለት ፓይ በማካፈል ነው። በዚህ መሠረት የቀን ሀ ሞገድ ርዝመት 100 ሜትር ያህል ሲሆን የቀን ለ ሞገድ ርዝመት 505 ሜትር ይሆናል። የሞገዱ አናት ፍጥነት በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደ ሆነ ለማወቅ ደግሞ የሞገዱን ጊዜ በ1.56 ማባዛት ይበቃል። ለቀን ሀ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ ለቀን ለ በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን።

ጉልበቱስ? በእያንዳንዱ ሜትር የሞገድ ግንባር የሚተላለፈውን ኃይል በኪሎዋት ለመገመት የከፍታውን ካሬ በሞገዱ ጊዜ አባዝተን ለሁለት እናካፍላለን። ቀን ሀ 64 ኪሎዋት፣ ቀን ለ 144 ኪሎዋት ይሰጣል። ከፍታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሞገዶች የሚያደርሱት ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ይለያያል ማለት ነው።

ረጅሙ ይቀድማል

ሞገዶች በቡድን ይጓዛሉ፤ የቡድኑ ፍጥነት ግን የእያንዳንዱ አናት ፍጥነት ግማሽ ነው። አናቶቹ ከቡድኑ ኋላ ተወልደው በቡድኑ ውስጥ ወደ ፊት ያልፋሉ፤ ከፊት ሲደርሱም ይጠፋሉ። ጉልበቱ የሚሄደው በቡድኑ ፍጥነት በመሆኑ ለትንበያ የሚያስፈልገን ይኸኛው ፍጥነት ነው።

ከናዛሬ 2,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንድ ማዕበል ተነሣ እንበል። የ18 ሰከንዱ ሞገድ ቡድን በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ49 ሰዓት ይደርሳል። የ12 ሰከንዱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 74 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ረጅሙ ሞገድ ከአጭሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። በዳርቻው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ሳለ በመጀመሪያ የሚደርሰው የሩቁ ማዕበል መልእክተኛ እጅግ ረጅም ሞገድ ነው ማለት ነው።

ይህን በመለኪያ ካረጋገጡት መካከል ዋልተር ሙንክ ግንባር ቀደም ናቸው። እርሳቸውና ሃራልድ ስቨርድሩፕ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ያዳበሩት የሞገድ ትንበያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1944 ለኖርማንዲ የጦር ማረፍ ዘመቻ አገልግሏል። ሙንክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ በተዘረጉ ጣቢያዎች ከደቡባዊው ውቅያኖስ የተነሡ ሞገዶችን ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተከታትለዋል። ሞገዶቹ ከማዕበሉ ከራቁ በኋላ የሚያጡት ጉልበት በጣም ጥቂት መሆኑንም አሳይተዋል። የዛሬው ትንበያ በኮምፒውተር ሞዴሎች፣ በሳተላይት መለኪያዎችና በባሕር ላይ በሚንሳፈፉ መሣሪያዎች የሚዘጋጅ ቢሆንም መሠረቱ ይኸው ነው። ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ የሞገዱን መድረሻ ሰዓት ማስላት ይቻላል፤ ገና ያልተነሣን ማዕበል መተንበይ ግን የአየር ትንበያውን ያህል ብቻ አስተማማኝ ነው።

የባሕሩ ወለል ሲናገር

አንድ ሞገድ የባሕሩ ወለል መኖሩን «የሚያውቀው» ጥልቀቱ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሲያንስ ነው። የ8 ሰከንዱ ሞገድ ወለሉን የሚያገኘው በ50 ሜትር ጥልቀት ሲሆን የ18 ሰከንዱ በ250 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ አግኝቶታል። ወለሉን ያገኘ ሞገድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ በመጨረሻም ከፍታው ይጨምራል።

የናዛሬ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት በባሕሩ ወለል ላይ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሸለቆ ተዘርግቷል። ጥልቁ ጫፉ ከባሕር ገጽ በታች ወደ 5,000 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ የብስ የቀረበው ጫፉ ከዳርቻው ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ባለ 18 ሰከንድ ሞገድ በዚህ አካባቢ ሲደርስ በጥልቁ ሸለቆ ላይ ያለው ክፍሉ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዙን ይቀጥላል። ከሸለቆው በስተሰሜን፣ 30 ሜትር ጥልቀት ባለው ወለል ላይ ያለው ክፍሉ ግን ወደ 58 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ እንደሚሰበር ሁሉ ሞገዱም ፍጥነቱ ወደሚያንስበት ወገን ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት ከሸለቆው የወጣው ክፍል ወደ ሰሜን ታጥፎ በወለሉ ላይ በዝግታ ከመጣው ክፍል ጋር ፕራያ ዶ ኖርቴ በተባለው ዳርቻ ፊት ይገናኛል። አናት ከአናት ሲገጥም ከፍታቸው ይደመራል። ከዳርቻው ወደ ባሕር የሚመለሰው የውኃ ጅረትም ተጨማሪ ከፍታ ይሰጠዋል። በአንጻሩ ከአለታማው የባሕር አፍንጫ በስተደቡብ ያለው የከተማዋ ዳርቻ በዚያው ሰዓት እጅግ የተረጋጋ ሊሆን ይችላል።

የቀን ሀ አጫጭር ሞገዶች ግን ወደ ዳርቻው በጣም እስኪቀርቡ ድረስ ሸለቆውን ሳያውቁት ያልፋሉ። እንግዲህ ከናዛሬ ውጭ በባሕሩ መካከል 4 ሜትር የተባለው ሞገድ በቀን ለ በዳርቻው ላይ የዚህን ብዙ እጥፍ ሊሆን የሚችለው በሞገዱ ጊዜ ምክንያት ነው።

የነፋሱና የባሕር ሙላትና ጉድለት ድርሻም አይዘነጋም። ሞገድ የሚሰበረው ጥልቀቱ ከከፍታው 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሙላትና ጉድለቱ የሚሰበርበትን ቦታ ያዛውራል። ከየብስ ወደ ባሕር በቀስታ የሚነፍስ ነፋስ የሞገዱን ገጽ ለስላሳ ያደርገዋል፤ ከባሕር የሚመጣ ብርቱ ነፋስ ግን ያፈራርሰዋል። ሞገድ ጋላቢዎች የምሥራቁን ነፋስ የሚወዱት በዚህ የተነሣ ነው።

ትንበያው በግልጽ የማይናገረው

በትንበያ ላይ «ከፍታ» የሚባለው ከሁሉም ሞገዶች መካከል ታላላቆቹ አንድ ሦስተኛዎች ያላቸው አማካይ ከፍታ ነው። ከሺህ ሞገዶች መካከል ትልቁ የዚህን 1.9 እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ 4 ሜትር በተባለበት ቀን፣ በባሕሩ መካከል እንኳ፣ ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ሞገድ ቢያልፍ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሞገዶች በቡድን የሚመጡ መሆናቸው ነው። የሞገድ ጊዜያቸው የተቀራረበ ሞገዶች ሲደራረቡ ጥቂት ታላላቅ ሞገዶች ይመጣሉ፤ ከዚያም ባሕሩ ለብዙ ደቂቃዎች ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ተታልሎ ወደ አለቱ ጫፍ የሚወርድ ጎብኚ ቀጣዩ ቡድን ሲደርስ መሸሻ አያገኝም። በውጭ አገር ዳርቻዎች የሚገኙ ወገኖቻችን ልብ ሊሉት የሚገባው ምክር አለ፤ ረጅም የሞገድ ጊዜ በተነገረበት ቀን ወደ ውኃው ከመቅረብ በፊት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ከሩቅ ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል።

አደጋው ልምድ ያላቸውንም አይምርም። ብራዚላዊቷ ማያ ጋቤራ እ.ኤ.አ. በ2013 በናዛሬ ራሷን ስታ ከሞት በጥቂቱ ተርፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚያው ባሕር 22.4 ሜትር ሞገድ ጋልባለች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2023 ደግሞ የአገሯ ልጅ ማርሲዮ ፍሬሬ፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሞገድ ጋላቢ፣ በዚያው ሕይወቱ አልፏል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ባሕር በር የሌላት አገር የባሕር ሥራ የላትም ማለት አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ለዓለም መርከቦች መኮንኖች ይሠለጥናሉ። በሌላ በኩል ብዙ ወገኖቻችን ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥተው ከመጠን በላይ በተጫኑ ትንንሽ ጀልባዎች ወደ የመን ይሻገራሉ። ለትንሽ ጀልባ ደግሞ ፍርዱ ይገለበጣል። የቀን ሀ ሞገድ ከፍታ ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር አንድ ለ25 ነው፤ የቀን ለ ግን አንድ ለ126 ነው። በጥልቅ ባሕር ላይ የቀን ለ ሞገድ ጀልባዋን ቀስ ብሎ አንሥቶ ያወርዳታል፤ የቀን ሀ ቀጥ ያለ አጭር ሞገድ ግን ይገለብጣታል። ረጅሙ ሞገድ በዳርቻ ላይ፣ አጭሩ በመካከል ባሕር ላይ ይገድላል። ከፍታን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህን ልዩነት አያገኘውም፤ ከ«ስንት ሜትር ነው?» ቀጥሎ «በስንት ሰከንድ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ባለ 14 ሰከንድ ሞገድ በጥልቅ ውኃ ርዝመቱ ስንት ነው? ወለሉንስ በስንት ሜትር ጥልቀት ያገኘዋል?

2. በአንድ ዳርቻ ባለ 20 ሰከንድ ሞገድ ከደረሰ ከ24 ሰዓት በኋላ ባለ 15 ሰከንድ ሞገድ ደረሰ። ሁለቱም ከአንድ ማዕበል በአንድ ጊዜ ቢነሡ ማዕበሉ ምን ያህል ይርቃል?

መልስ፦ 1. ርዝመቱ 306 ሜትር ያህል፤ ጥልቀቱ 153 ሜትር ያህል። 2. የቡድን ፍጥነታቸው በሰዓት 56 እና 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርቀቱ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።