ወደ በረዶው አገር ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣ ወደ አርክቲክ ለመሄድ ማመልከቻ እያዘጋጀህ መሆኑን ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። ጉብዝናህን አውቀዋለሁ፤ ልብህም ቅን ነው። ችግርህ ችኮላህ ነው። ወፍራሙን ካፖርት፣ ጂፒኤሱን፣ ካሜራውን አንድ በአንድ ስትዘረዝርልኝ እዚያ ስለሚኖሩት ሰዎች አንዲት ቃል አልተነፈስክም። የምትገባው ሰው ቤት ነው እኮ! እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ፤ ያየሁትንና ከቀደሙት የሰማሁትን በተራ ልንገርህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዘው።

1. ጥያቄህን ጨርሰህ ሳትቀርጽ አማክር። በካናዳዋ ኑናቩት አብዛኛው ተመራማሪ ሥራ የሚጀምረው ከኑናቩት የምርምር ተቋም ፈቃድ ካወጣ በኋላ ነው፤ ሕጉ ያስገድዳል። አንተ ግን ፈቃዱ ከተገኘ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስልሃል። ገንዘቡ ከተለቀቀና ዕቅዱ ከጸደቀ ወዲያ «ምን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ሠርጉ ካለፈ በኋላ የጥሪ ወረቀት እንደ መላክ ነው። የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት የካናዳ ኢኑይቶች ብሔራዊ ድርጅት የሆነው ኢኑይት ታፒሪት ካናታሚ በ2018 የራሱን የምርምር ስልት አውጥቷል፤ ምን እንደሚጠና፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ፣ መረጃውም በማን እጅ እንደሚቀመጥ በመወሰኑ ላይ ድርሻችን ይከበር ይላል። አንብበው። ካነበብክ በኋላ ለመንደሩ አጭር ደብዳቤ ጻፍና መልስ እስኪመጣ ታገሥ። መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ እነሱም ሥራ አላቸው።

2. አዳኙ የሚነግርህን እንደ ምስክር ቃል ስማው። ለዚህ ከኡትኪያግቪክ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፤ በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ያለች፣ እስከ 2016 ባሮው ትባል የነበረች ከተማ ናት። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የአካባቢው ነባር የሆነው የኢኑፒያት ሕዝብ ለምግቡ የሚያድነውን ቦውሄድ የተባለ ዓሣ ነባሪ እንዳይነካ ከለከለ። በሳይንቲስቶቹ ግምት የቀረው ቢበዛ ሁለት ሺህ ግድም ነበር። ክልከላው ብዙም ሳይቆይ ወደ ጠባብ ኮታ ተለወጠ፤ ለ1978 ለመንደሮቹ ሁሉ በድምሩ 12 ዓሣ ነባሪ ብቻ ተፈቀደ። አዳኞቹ ግን «ቆጠራችሁ ልክ አይደለም» አሉ። ቆጣሪዎቹ በረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው፣ በረዶው ተሰንጥቆ በተከፈተው ውሃ የሚያልፈውን ይመዘግባሉ፤ ውሃው ሲዘጋ እንስሳውም ጉዞውን የሚያቆም መስሏቸዋል። አዳኞቹ የሚያውቁት ሌላ ነው፤ ዓሣ ነባሪው በበረዶው ሥር ይሄዳል፣ በአናቱ በረዶውን ሰብሮ ይተነፍሳል፣ ብዙውም ከዳር ርቆ ዓይን በማይደርስበት ያልፋል። እነዚህ ሰዎች የመቅዘፊያውን አንድ ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ከሥር የሚመጣውን ድምፅ ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸው። በ1980ዎቹ ሳይንቲስቶቹ የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ሲያወርዱ ማንም ያላያቸው ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ከበረዶው ሥር ተሰማ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ግምቱ ከ7,000 በላይ ሆነ፤ በ2011 ቆጠራ ደግሞ ወደ 17,000 ተጠጋ። በመካከሉ እንስሳው በርግጥ ተራብቷል። የመጀመሪያው ቁጥር ያነሰው ግን የቆጣሪው ዓይን የሚደርስበት አጭር ስለነበረ ነው። ደግሞም ልብ በል፤ አዳኞቹ ሳይንስን ጠልተው አልሸሹም። የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ፤ የአካባቢው አስተዳደር የሆነው ኖርዝ ስሎፕ ቦሮም ባዮሎጂስቶችን ቀጥሮ ቆጠራውን ራሱ ተረከበ።

3. ዓሣ ነባሪው በሚበለትበት ቦታ እጅህን ሰብስበህ ቁም። ሥጋው ለመንደሩ የሚከፋፈል ነው፤ ላንተ የሚደርስህ ናሙና ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከታገሥክ የምታገኘው ብዙ ነው። ዓሣ ነባሪ ሲበለት ከስቡ ውስጥ አሮጌ የድንጋይ ጦር ጫፍ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለ ጦር ከተተወ መቶ ዓመት አልፎታል። እንግዲህ እንስሳው ስንት ዓመት ኖሯል? አዳኞቹ የዓይን ሌንሶቹ እንዲወሰዱ ፈቀዱ፤ የሌንሱ ኬሚስትሪ ተለክቶ በ1999 በታተመው ጥናት አንዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንደኖረ ተገመተ። ያለ አዳኞቹ ፈቃድ ያ ጥናት አይኖርም ነበር።

4. የእነሱን የቀን መቁጠሪያ እወቅ። ሚያዝያና ግንቦት በኡትኪያግቪክ የዓሣ ነባሪ አደን ጊዜ ነው። ሰዎቹ በአቆስጣ ቆዳ የተለበጠውን ጀልባ ይዘው በረዶው ጠርዝ ላይ ይሰፍራሉ፤ ነጭ ይለብሳሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ የሞተር ድምፅ እንስሳውን ያሸሻል ብለው ይጠነቀቃሉ። በዚያ ሰሞን ስብሰባ ልጥራ ብትል ማንም አይመጣም፤ ድሮን ብታስነሳ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመትም የሚያነጋግርህ አታገኝም።

5. ካንተ በፊት የመጡት ምን እንዳደረጉ ሳታውቅ አትሂድ። በ1958 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን፣ የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ቴለር ፊት ሆኖ እየገፋው፣ በአላስካ ፖይንት ሆፕ ከተባለው መንደር አጠገብ በኑክሌር ፍንዳታ ወደብ ልቆፍር ብሎ ተነሣ። ፕሮጀክት ቻርየት አሉት። የመንደሩ ሰው ሲሰማ ተቃወመ፣ ሳይንቲስቶችም አብረውት ቆሙ፣ ዕቅዱም በ1962 ተተወ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ከኔቫዳ የኑክሌር መሞከሪያ ያመጡትን ራዲዮአክቲቭ አፈር ለሙከራ ተጠቅመውበት እዚያው ቀበሩት፤ መንደሩ ይህን ያወቀው በ1992 ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ ሰውነት ብርድን እንዴት እንደሚቋቋም ለማጥናት 121 ሰዎችን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን አስውጧል። 102ቱ የአላስካ ተወላጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ምን እንደሚውጡ በቅጡ አልተነገራቸውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ አንዲት እናት የደም ናሙና አልሰጥም ብትልህ አትከፋ፣ ለማግባባትም አትሞክር።

6. ውጤቱን መጀመሪያ ለባለቤቱ ንገር። በ1980ዎቹ በሰሜናዊ ኩቤክ፣ ኑናቪክ በተባለው ምድር፣ ኤሪክ ዴዋይ የሚባል ሐኪም የኢኑይት እናቶችን የጡት ወተት አስመረመረ። ንጹሕ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው ወተት ፒሲቢ የተባለውን የኢንዱስትሪ ኬሚካል ከደቡቡ የኩቤክ እናቶች በብዙ እጥፍ ይዞ ተገኘ። መርዙ ከሩቅ ፋብሪካዎች በአየርና በባሕር ተጉዞ፣ ከዓሣ ወደ አቆስጣ፣ ከአቆስጣ ወደ ሰው የደረሰ ነው። እስቲ ያን ወሬ የሰማችውን እናት አስባት፤ ልጇን ታጥባ ወይስ ትተው? በእጇ ያለው ሌላ ምግብ ከሱቅ በውድ የሚገዛ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ያለ ሐኪም፣ ያለ አስተርጓሚ፣ «ምን ይሻላል» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይያዝ አይነገርም። ያው መረጃ በኢኑይት መሪዎች እጅ ሲገባ ግን ትልቅ ሥራ ሠራ፤ እነ ሺላ ዋት-ክሉቲየ ስለ ፒሲቢና መሰሎቹ ወደተካሄደው ዓለም አቀፍ ድርድር ይዘውት ገቡ፤ በ2001 የስቶክሆልም ስምምነት ተፈርሞ እነዚያ ኬሚካሎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከለከሉ።

7. የነገረህን ሰው ስም ጻፍ፣ ክፈለውም። በ1845 በሰር ጆን ፍራንክሊን መሪነት ከእንግሊዝ የወጡ ሁለት መርከቦች 129 ሰዎች እንደያዙ በካናዳ አርክቲክ ጠፉ። ኢኑይቶች የሚያውቁትን ለአሳሹ ጆን ሬይ ነገሩት፤ እሱም በ1854 ወሬውን ለንደን አደረሰ። ቻርልስ ዲክንስን የመሰለ ታላቅ ደራሲ ሳይቀር የኢኑይት ቃል አይታመንም ብሎ ጻፈ። መርከቦቹ የተገኙት በ2014 እና በ2016 ነው፤ ያውም ኢኑይቶች ሲያመለክቱት በኖሩት አካባቢ። የጆአ ሄቨን መንደር ነዋሪ የነበረው ሉዊ ካሙካክ የሽማግሌዎቹን ቃል ሲሰበስብ ዕድሜውን አሳልፏል፤ ፍለጋውም በዚያ ሥራ ተጠቅሟል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ አንተም ጽሑፍህ ላይ «አንድ የአካባቢው ነዋሪ እንደገለጹት» ብለህ አትለፍ፤ ሰውየው ከፈቀደ በስሙ ጥራው። የነገረህ የጥናቱ እምብርት ከሆነም ከደራሲዎቹ አንዱ ይሁን።

8. መሪህ «እንመለስ» ካለ ተመለስ። አትከራከር። የሳተላይት ፎቶ ትናንት የተነሣ ነው፤ በረዶው ዛሬ ነው የሚሰበረው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ይህ ማለት ግን መሣሪያህ አይረባም ማለት አይደለም። ከካናዳዋ ላብራዶር ዳርቻ የተነሣውን ስማርት አይስን ተመልከት፤ በ2010 ክረምት የባሕሩ በረዶ ከወትሮው ሳስቶ መንገደኛውን ካስቸገረ በኋላ የተወለደ ሥራ ነው። ውፍረት የሚለካው መሣሪያ በበረዶ ሞተር በሚጎተት መንሸራተቻ ላይ ይጫናል፤ የሚነዳውና የሚለካው የመንደሩ ልጅ ነው፤ የሚወጣውም ካርታ ነገ ለአደን የሚወጣው ሰው የሚያየው ነው። ሥራው የመንደሩ ሰው ነገ የሚፈልገው ከሆነ ማንም አይሰለቸውም።

9. ባልተስማማህበት ነገር ለይሉኝታ ብለህ አትስማማ። ይህን የምልህ አንዳንድ ወጣቶች ከትዕቢት ሸሽተው ሽንገላ ውስጥ ሲገቡ ስላየሁ ነው። በኑናቩት ብዙ አዳኞች ነጭ ድብ በዝቷል፣ ወደ መንደር እየመጣ ነው ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ደግሞ የባሕሩ በረዶ በመቀነሱ ድቡ ስጋት ላይ ነው ይላሉ። በረዶው ቀድሞ የቀለጠበት ድብ የብስ ላይ ስለሚከርም ሁለቱም ያዩትን ሊሆን ይችላል የሚናገሩት። ቁጭ ብለህ የለካኸውን አሳያቸው፣ ያዩትንም ጠይቃቸው። ሽማግሌ መከበርን እንጂ መሸንገልን አይወድም።

10. ተመልሰህ ሂድ። እኛም አገር መጠይቅ አስሞልቶ የውሃ ሽታ የሆነ ስንት አለ! ወደ ሰሜን የሚሄደው አውሮፕላን ውድ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው መረጃውን ሰብስቦ ይወጣል፣ ጽሑፉን ያሳትማል፣ ይመረቃል፣ መንደሩ ግን የሰጠውን ነገር መጨረሻ ሳያውቅ ይቀራል። ውጤቱን ይዘህ በእግርህ ተመለስ፤ በቋንቋቸው የተዘጋጀ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይኑርህ፤ አዳራሹ ውስጥ ሻይ አፍላ፤ ጥያቄያቸው እስኪያልቅ ተቀመጥ። ማመልከቻህ ገና አልገባም ብለኸኛል። እንግዲያስ ዛሬ ማታ በጀቱን ክፈትና የዚያን ሁለተኛ ጉዞ ቲኬት ጨምርበት።