የግሽ ዓባይ ምንጭና የጥንት የፈረንሳይ ካርታዎች

ካርታ የመንገድ መሪ ብቻ ሳይሆን የንግድ ዕቃም ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ምእተ ዓመት በአውሮፓ የታተሙ ካርታዎች ዛሬ ለግድግዳ ጌጥ ይሸጣሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያን የሚያሳዩ ይገኛሉ። ስለዚህ ገዥም ሻጭም ታሪካቸውን ቢያውቅ ከኪሣራ ይድናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንትወርፑ ኦርቴልዩስ በ1573 ባወጣው ካርታ የዓባይ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ከሁለት ታላላቅ ሐይቆች ሲነሣ ተሥሏል። ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም ሐይቆቹ በወሬ የተገኙ ነበሩ። የሰከላ ሰው የሚያከብረው የግሽ ዓባይ ምንጭ ግን ከዛሬዎቹ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በስተሰሜን ይገኛል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ሥፍራውን አይቶ ጻፈ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍም ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ብዙ ተምሮ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ።

የፈረንሳይ ካርታ ሥራ ወርቃማ ዘመን በኒኮላ ሳንሶን (1600-1667) ተጀመረ ይባላል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጊዮም ደሊል በ1700 ባሳተመው የአፍሪካ ካርታ የደቡቦቹን ሐይቆች የዓባይ ምንጭ ማድረጉን ትቶ ምንጩን በኢትዮጵያ ምድር አኖረ። ዳንቪል ደግሞ በ1749 ማስረጃ ያልተገኘለትን የአፍሪካ ክፍል በጌጥ ሳይሞላ ባዶውን ተወው።

እንዲህ ያለውን ካርታ የሚገዛ ነጋዴ የሚከተለውን ይመርምር።

አንደኛ፦ የጥንቱ ካርታ በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ነው። ጠርዙ ካልተቆረጠ በቀር ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ምልክት በዙሪያው ይታያል።

ሁለተኛ፦ የዚያን ዘመን ወረቀት ወደ ብርሃን ሲያዝ ብዙውን ጊዜ ትይዩ መስመሮች ይታዩበታል።

ሦስተኛ፦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ የዘመናችን ቅጅ ነው።

አራተኛ፦ በካርታው ላይ የተጻፈው ዓመት ብቻውን አያስተማምንም፤ አንድ ሰሌዳ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይታተምበት ነበርና።

ቅጅን በቅጅነቱ መሸጥ ነውር የለበትም፤ በጥንታዊ ዋጋ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ዳንቪል የማያውቀውን ሥፍራ ባዶ በመተዉ ስሙ ከፍ አለ እንጂ አልተዋረደም። ሻጭም የዕቃውን ዘመን ካላረጋገጠ በደረሰኙ ላይ «ዘመኑ አልተረጋገጠም» ብሎ ቢጽፍ ዛሬ ጥቂት ትርፍ ቢቀርበትም ደንበኛው ነገ ተመልሶ ይመጣል።