ስለ ጉበት መስባትና ስለ ስኳር በሽታ

ስለ ጉበት ሕመም ሲነገር ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን፥ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለውን ነው። የስኳር በሽታም ሲነሣ ስኳር አብዝቶ ከመብላት ብቻ የሚመጣ፥ ከጉበት ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው መስሎ ይታያል። ነገር ግን የጉበት መስባትና በአዋቂነት ዕድሜ የሚመጣው የስኳር በሽታ አንዱ ሌላውን የሚጠራ፥ አንዱም ሌላውን የሚያባብስ መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠ ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን የሁለቱን ግንኙነትና መከላከያውን እንገልጻለን።

የጉበት ሥራ

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ፥ በአዋቂ ሰው ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሆነ ብልት ነው። ሥራው ብዙ ነው፤ ለዛሬው ትምህርታችን የሚያስፈልገን ግን አንዱ፥ ይኸውም የጎተራነቱ ሥራ ነው። እንጀራ፥ ዳቦ ወይም ድንች የበላን እንደ ሆነ ምግቡ በአንጀት ውስጥ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ከጨጓራ በስተ ኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን ለጉበት እንደ ትእዛዝ ነው፤ «ስኳር ገብቷልና ከጎተራህ ማውጣትህን አቁም፤ የተረፈውንም አስቀምጥ» እንደ ማለት ነው። በምንተኛበትና በምንጾምበት ጊዜ ደግሞ ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር በልክ እያወጣ ለአንጎልና ለሌሎች ብልቶች ያድላል።

ጎተራው የሞላ እንደ ሆነ

ጉበት ስኳርን ሊያከማች የሚችለው እስከ 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ የተረፈው ወደ ስብ ይለወጣል። ሰው ከሚሠራው ሥራ በላይ ዘወትር የሚበላ ከሆነ ይህ ስብ በጉበቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። በጤናማ ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ጥቂት ነው፤ ከመቶ 5 እጅ ሲያልፍ ግን ጉበቱ ሰብቷል ይባላል።

ጉበትን የሚያሰባው ቅቤና ጮማ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንስጥ። በፈረንሳይ አገር የታወቀውን የሰባ የዝይ ጉበት ለማዘጋጀት ዝይዎቹ በግድ የሚመገቡት በአብዛኛው በቆሎ ነው። ወፎቹ እህል በልተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ ከልኩ ብዙ እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ ያለ ልክ የተበላ እህልና ስኳርም ስብ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለቱ በሽታዎች የሚገናኙበት መንገድ

የሰባ ጉበት ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል። በደም ውስጥ ስኳር ሞልቶ ሳለ እርሱ ደግሞ ከጎተራው ይጨምርበታል። ስለዚህ ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ አድሮ ጧት ሲመረመር የደሙ ስኳር ከፍ ብሎ ይገኛል። ቆሽት ይህን ለማሸነፍ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛውም ኢንሱሊን ጉበቱ ተጨማሪ ስብ እንዲሠራ ያደርገዋል። ከጉበት የወጣው ስብ ደግሞ በደም ተጉዞ በቆሽት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቆሽቱም ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ሥራውን መወጣት ያቅተዋል። የስኳር በሽታ ገሃድ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1936 ኢንሱሊን የሚጎድላቸውና ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የማይታዘዝላቸው የስኳር ሕሙማን የተለያዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው መጠጥ በማያዘወትሩ ሰዎችም ላይ የጠጪዎችን የመሰለ የጉበት ጉዳት መኖሩን ገልጸዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ከሦስት አዋቂዎች አንዱ ያህል ጉበቱ የሰባ ነው፤ በአዋቂነት የስኳር በሽታ ከያዛቸውም ከእኩሌታ የሚበልጡት ይህ አለባቸው።

የጉበት መስባት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አደጋው ግን ዝም ማለቱ ነው፤ አያምም፥ ዐይንንም ቢጫ አያደርግም። ሳይታወቅ ከቆየ በአንዳንዶች ላይ ጉበቱ ይቆስላል፥ ጠባሳ ይዞ ይጠነክራል፥ ወደ ነቀርሳም ሊደርስ ይችላል። ብዙ ሰው ስለ ሌላ ነገር በአልትራሳውንድ ተመርምሮ «ጉበትህ ላይ ጥቂት ስብ አለ» የሚል ወረቀት ሲሰጠው አላመመኝም ብሎ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ይህ ወረቀት ግን የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ ጉበቱ የሰባ ሰው ለስኳር በሽታ ያለው ሥጋት ከሌላው ሰው እጥፍ ያህል ነውና።

ተስፋ ያለው ነገር

እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው 11 የስኳር ሕሙማንን በሐኪም ቁጥጥር ለ8 ሳምንታት ምግባቸውን እጅግ ቢቀንሱላቸው፥ በመጀመሪያው ሳምንት የጉበታቸው ስብ ቀነሰ፤ ከቁርስ በፊት የሚለካውም ስኳራቸው ወደ ልኩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሰፊ ጥናትም ክብደት እንዲቀንሱ ከተረዱት ሕሙማን 46 ከመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች ሆኖ ተገኝቷል።

ምን ማድረግ ይገባል

1ኛ፤ ቦርጭን የብልጽግናና የጤና ምልክት አድርጎ ማየትን እንተው። የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ በታች እንዲሆን መጣር ይገባል። ቀጭን የሚመስል ሰውም ሆዱ ከገፋ ከሥጋቱ ነጻ አይደለም።

2ኛ፤ ክብደቱ የበዛ ሰው ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጁን ቢቀንስ ጉበቱ እጅግ ይታገዛል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ያህል ነው።

3ኛ፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልጋል። ቀኑን በወንበር ለሚያሳልፍ ጸሐፊና ነጋዴ ይህ በይበልጥ ይገባዋል።

4ኛ፤ ለስላሳ መጠጥንና ስኳር የበዛበትን ሻይ መቀነስ፥ ከአልኮል መራቅ፥ ጥራጥሬና አትክልት ማዘውተር ይጠቅማል። ጾም በተፈታ ማግሥትም ያለ ልክ መብላት የጾሙን ጥቅም ያጠፋል።

5ኛ፤ ጉበቱ የሰባ ሰው ስኳሩን፥ ስኳር ያለበትም ሰው ጉበቱን ያስመርምር። በዓለም ጤና ድርጅት ልክ ሳይበሉ የተለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ110 እስከ 125 ሚሊ ግራም ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ግን የስኳር በሽታ ነው።

6ኛ፤ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን እጅግ አይቀንስ፥ አይጹምም። ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ጉበት ያጠራል እየተባለ የሚሸጥ ቅጠላ ቅጠልም ራሱ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻዋል።

ለመምህራን

ተማሪዎች ይህን ሒሳብ ይሥሩ። አንድ ሰው በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ፥ በእያንዳንዱም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር፥ አንዱም ማንኪያ 4 ግራም ቢሆን፥ በ30 ቀን የሚጠጣው ስኳር ምን ያህል ነው? መልሱ 1,440 ግራም ነው፤ ይኸውም የጉበቱን የራሱን ክብደት ያህላል። ልጆቹ ይህን ቁጥር ወደየቤታቸው ይዘው ሄደው ለአባትና ለእናታቸው ቢነግሩ፥ ትምህርቱ ከክፍሉ አልፎ ወደ ማዕዱ ይደርሳል።